የማን ቁጥር ጣሪያ ላይ ይሰቀል? የሆኪ ማሊያ ጡረታን ለምታመዛዝኑ

አንድ የብርድ ማታ ጓደኛዬን ዲሲ መሀል ወዳለው የዋሽንግተን ካፒታልስ ሆኪ ክለብ አዳራሽ ይዤው ገባሁ። የእግር ኳስ ሰው ነው፤ የበረዶ ሆኪ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ጨዋታው ሳይጀመር አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና፣ "እዚያ 7 ቁጥር ላይ ላብሬ የሚል አለ። ማነው?" አለኝ።

"ኢቮን ላብሬ። በ1970ዎቹ እዚህ የተጫወተ ተከላካይ ነው።"

"ስንት ጎል አለው?"

"14።"

"በአንድ ሲዝን?"

"በዘመኑ በሙሉ።"

ሳቀ። ከዚያ ጣቱን ወደ በረዶው አዞረ። 8 ቁጥር ለብሶ የሚያሟሙቀው አሌክስ ኦቬችኪን ነው፤ ኤፕሪል 6 ቀን 2025 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን ክብረ ወሰን የሰበረው። "14 ያገባው ላይ ተሰቅሎ፣ ይሄ ሁሉ ያገባው ታች ይሮጣል። ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?" አለ።

ኦቬችኪን ገና እየተጫወተ ነው ብዬ ልገላገለው እችል ነበር። ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱም ሒሳብ አይደለም።

ለጀማሪ በአጭሩ፦ አንድ የሆኪ ክለብ ለተጫዋቹ የመጨረሻውን ክብር ልስጥ ሲል ቁጥሩን ትልቅ ጨርቅ ላይ አሳትሞ ጣሪያ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ቁጥር በዚያ ክለብ ማንም አይለብሰውም። ቁጥሩ ጡረታ ወጣ ይባላል። ለእኛ ትንሽ እንግዳ ነገር ነው። እኛ ቁጥር የምናውቀው ከሩጫ ነው፤ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ ይያዛል፣ ሩጫው ሲያልቅ ይነቀላል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 11 ቁጥር እንደነበረ የሚያስታውስ ስንት ሰው ነው? የምናስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። ሆኪ ላይ ግን ተጫዋቹ ራስ ቁር አድርጎ፣ በመከላከያ ተጠቅልሎ፣ እንደ ንፋስ ያልፋል። ፊቱን አታዩትም። የምታዩት ጀርባውን ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ቁጥሩ አለ።

እኔ የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለኝ። ነገ አንድ የ20 ዓመት ልጅ ያንን ቁጥር ለብሶ ቢገባ የከተማው ደጋፊ ምን ይላል? "ታዲያ ምን ይጠበስ" ካለ ቁጥሩ ይለበስ። "እንዴት ተደፈረ" ካለ ይሰቀል። የሚያጨቃጭቁት መሀል ላይ ያሉት ናቸው። (ቀኖቹም ዓመተ ምሕረቶቹም ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ንፉግ ሁኑ

ሞንትሪያል 24 ጊዜ የሆኪውን ትልቅ ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ያነሳ ክለብ ነው። ታላላቆቹ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ 15 ቁጥሮች ሰቅሏል። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1 እስከ 10 ባለው ውስጥ የቀሩት 6 እና 8 ብቻ ናቸው። ሊጉ (ኤን ኤች ኤል፣ የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) የሚፈቅደው ከ1 እስከ 98 ነው፤ 99 በ2000 ለግሬትስኪ ሲባል በሊጉ ክለቦች ሁሉ ተዘግቷል። እያንዳንዱ የሚሰቀል ቁጥር ከመጪው ልጅ ላይ የሚወሰድ ነው።

በነገራችን ላይ ግሬትስኪን ለንጽጽር አታምጡት። ለጎል ያቀበላቸው 1,963 ፓኮች (ፓክ በሆኪ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ ነው) ብቻቸውን፣ ጎሎቹ ሳይቆጠሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ካለው ከያሮሚር ያግር ጠቅላላ 1,921 ነጥብ (ጎልና ለጎል ማቀበል ተደምረው) ይበልጣሉ። እሱን መለኪያ ካደረጋችሁ ማንም አይሰቀልም።

ዋንጫ ያለው ወይስ ከተማው የኔ ያለው?

ካልጋሪን ልውሰድ፤ ምርጥ የመማሪያ ቦታ ናት። ጆ ኑዌንዳይክ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሉ ሲዝኖቹ 51፣ 51 ጎል አገባ። በ1989 ከክለቡ ጋር የስታንሊ ዋንጫን አነሳ። አል ማኪኒስ የዚያው ቡድን ተከላካይ ነበር፤ በ1989 የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ምቱን የቀመሱ በረኞች እስካሁን ያወሩታል። ሁለቱም የሆኪ የዝና አዳራሽ ገብተዋል።

ጃሮም ኢጊንላ ደግሞ በታኅሣሥ 1995 በኑዌንዳይክ ልዋጭ የመጣ ልጅ ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ ናቸው። ካልጋሪ ውስጥ 525 ጎል አገባ፣ አምበል ሆነ። በ2004 ቡድኑን ይዞ እስከ ፍጻሜው 7ኛ ጨዋታ ደረሰ፤ በታምፓ ቤይ ተሸነፈ። በ2013 ዋንጫ ፍለጋ ወደ ሌላ ክለብ ሄደ። እስኪያቆም ድረስ አላገኘውም።

ታዲያ የማን ቁጥር ተሰቀለ? የኢጊንላ 12 ቁጥር በ2019 ሙሉ በሙሉ ጡረታ ወጣ። ዋንጫ ያመጡት ኑዌንዳይክና ማኪኒስ ግን ካልጋሪ "ለዘላለም የፍሌምስ" (ፍሌምስ የክለቡ ስም ነው) በሚለው የክብር ዝርዝር ገቡ፤ ባነራቸው ይሰቀላል፣ ቁጥሩ ግን ይለበሳል።

የኢጊንላን ነገር አልከራከርም። ጎል ባገባ ቁጥር መጀመሪያ 1,000፣ ኋላ 2,000 ዶላር ለልጆች ስፖርት ይሰጥ የነበረ ሰው ነው። በ2004 ከተማዋ በሙሉ ቀይ ለብሳ መንገድ የወጣችው እሱን ተከትላ ነው። 12 ቁጥርን ሌላ ሰው ቢለብሰው ካልጋሪ ውስጥ ቡና የሚቀዳልህ ሰው አይኖርም።

ማኪኒስ ላይ ግን ካልጋሪ ተሳስቷል ባይ ነኝ። ሰውየው ከካልጋሪ በኋላ ሴንት ሉዊስ ሄዶ ተጫወተ። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ዋንጫ አላነሳም፤ የቆየበትም ጊዜ ከካልጋሪው ያንሳል። ሆኖም ሴንት ሉዊስ 2 ቁጥሩን በ2006 አንዴ ጡረታ አወጣው፣ አለቀ። ያሳደገውና ዋንጫ ያነሳለት ቤት ግማሽ ክብር ሰጠ፤ እንግዳ ሆኖ የገባበት ቤት ሙሉውን ሰጠ።

ስለዚህ ዋንጫ ጥሩ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ሄንሪክ ሉንድክቪስት ከኒው ዮርክ ጋር አንድም የስታንሊ ዋንጫ የለውም፤ 30 ቁጥሩ ግን ተሰቅሏል። ማንም ቅር አላለውም።

ስንት ዓመት ይበቃል?

ታኅሣሥ 3 ቀን 1987 ቦስተን የፊል ኤስፖዚቶን 7 ቁጥር ሊሰቅል ተሰበሰበ። ችግሩ፣ ያንን 7 ቁጥር በዚያን ጊዜ የሚለብሰው የቡድኑ ምርጥ ተከላካይ ሬይ ቦርክ ነበር። ሰዉ ሁሉ ቦርክ እስኪያቆም 7ን ይለብሳል ብሎ ያስብ ነበር። ቦርክ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኤስፖዚቶ መጣ፣ ማሊያውን በራሱ ላይ አወለቀና አስረከበው። ከሥር ሌላ ማሊያ ለብሷል፤ 77 ቁጥር። ኤስፖዚቶ የሚናገረው ጠፋው።

ቦርክ 77ን ለብሶ ቦስተን ውስጥ እስከ 2000 ቆየ። ዋንጫ ግን የለም። በመጨረሻ ራሱ ጠይቆ ክለቡ ወደ ኮሎራዶ ላከው፤ በ2001፣ በ22ኛ ሲዝኑ፣ ዋንጫውን አገኘ። አምበሉ ጆ ሳኪክ ዋንጫውን ተቀብሎ እሱ ሳያነሳው ቀጥታ ለቦርክ ሰጠው። በዚያው ዓመት 77 ቦስተንም ኮሎራዶም ተሰቀለ።

ቦስተን ላይ ጥያቄ የለም። ኮሎራዶ ላይ ግን ሰውየው የተጫወተው ከአንድ ሲዝን ትንሽ ነው የሚበልጠው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እንባ ያመጣል፤ ጡረታ ለማውጣት ግን አይበቃም። ያ ታሪክ የቦርክ እንጂ የዴንቨር (የኮሎራዶ ክለብ ከተማ) አይደለም። በእኔ ፈተና፣ ዴንቨር ውስጥ አንድ ልጅ 77 ለብሶ ቢገባ ሰዉ ፋንዲሻውን መብላቱን ይቀጥላል።

ሐዘን ሲገባበት

የመጀመሪያው የኤን ኤች ኤል ጡረታ ራሱ ከአደጋ ነው የመጣው። በታኅሣሥ 1933 የቶሮንቶው ኤስ ቤይሊ ከቦስተኑ ኤዲ ሾር ከኋላ በተሰነዘረ ግፊት ወድቆ ጭንቅላቱ በረዶው ላይ ተፈጠፈጠ። ሞት አፋፍ ደርሶ ተረፈ፤ ጨዋታ ግን በዚያው አበቃ። የካቲት 14 ቀን 1934 ለእሱ መርጃ የኮከቦች ጨዋታ ተዘጋጀ። ቤይሊ ወደ በረዶው ወጥቶ የሾርን እጅ ጨበጠ። አዳራሹ ፈነዳ። 6 ቁጥር በዚያ ቀን ጡረታ ወጣ። የሾር 2 ቁጥርም በኋላ ቦስተን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ገፊውም ተገፊውም ዛሬ ጣሪያ ላይ ናቸው።

ቶሮንቶ ከዚያ ወዲህ ለአሠርት ዓመታት ሕጉ ጥብቅ ነበር፦ ትልቅ አስተዋጽኦ ያደረገ፣ ጨዋታውም በክለቡ እያለ በአደጋ የተቋረጠበት። በዚህ ሕግ ያለፉት ቤይሊና ቢል ባሪልኮ ብቻ ናቸው። ባሪልኮ በ1951 በጭማሪ ሰዓት ዋንጫውን ያስገኘችውን ጎል አግብቶ፣ በዚያው ክረምት ዓሣ ሊያጠምድ በትንሽ አውሮፕላን ሄዶ ጠፋ። ስብርባሪው የተገኘው በ1962 ነው። ክለቡም ሌላ ዋንጫ ያገኘው በ1962 ነው። ይህንን ለማስረዳት አልሞክርም።

የፒትስበርጉ ሚሼል ብሪየር አንድ ሲዝን ብቻ ነው የተጫወተው፤ በ1970 በመኪና አደጋ ራሱን ስቶ በቀጣዩ ዓመት ሞተ። 21 ቁጥር ጣሪያ ላይ ነው። የዲትሮይቱ ቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ በ1997 ዋንጫ ካነሳ ከቀናት በኋላ በሊሙዚን አደጋ ተጎድቶ ተመልሶ አልተጫወተም። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ ደግሞ ሲያሸንፍ በተሽከርካሪ ወንበር አስገብተው ዋንጫውን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። 16 ቁጥሩ ግን አልተሰቀለም። ማንም አልለበሰውምም። ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ያ ብቻ ነው።

ሐዘን ሲመጣ እጅ ይፈታል። ቶሎ መስቀል ያምራል፤ "ያልተጫወተውን ዘመን" እያሰብን ነው የምንሸልመው። እኔ የዲትሮይትን መንገድ እመርጣለሁ። የማሊያ ኃላፊው ቁጥር ሲያድል 16ን እያለፈ ወደ 17 መሄዱ ከየትኛውም ባነር በላይ ይናገራል።

አራት ጎል

ጎል መቁጠር የማያዋጣበት ትልቁ ማሳያ ዊሊ ኦሪ ነው። በኤን ኤች ኤል 45 ጨዋታ፣ 4 ጎል። ከላብሬ እንኳ ያንሳል። ጥር 18 ቀን 1958 ሞንትሪያል ውስጥ የቦስተንን ማሊያ ለብሶ ሲገባ በሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከዚያ በፊት ፓክ ቀኝ ዓይኑን መትቶት ነበር፤ በዚያ ዓይኑ አያይም ማለት ይቻላል። ለክለቦቹ ትንፍሽ አላለም። ቢናገር አያጫውቱትማ። በግራ መስመር ተሰልፎ፣ ከቀኝ የሚመጣውን ለማየት አንገቱን ሙሉ እያዞረ ተጫወተ።

ቦስተን 22 ቁጥሩን የሰቀለው ጥር 18 ቀን 2022 ነው። 64 ዓመት ዘግይቶ፣ ቀኑን ጠብቆ። እዚህ ላይ የሚመዘነው ምን ያህል አገባ ሳይሆን ማን ከኋላው መጣ የሚለው ነው። ኢጊንላም ከኋላው ከመጡት አንዱ ነው።

ለደጋፊ ተብሎ የሚሰቀል ቁጥርም አለ። ሚኒሶታ 1 ቁጥርን፣ ሲያትል 32ን ለደጋፊው ሰጥተዋል። ደስ ይላል፣ ማሊያ ያሸጣል። እንለፈው።

ተጣልቶ የሄደስ?

ታኅሣሥ 2 ቀን 1995 ሞንትሪያል በሜዳው በዲትሮይት 11 ለ 1 ተቀጠቀጠ። በረኛው ፓትሪክ ሯ ዘጠኝ ጎል እስኪገባበት አሰልጣኙ አላወጣውም። ደጋፊው ቀላል ኳስ ሲይዝ እያላገጠ አጨበጨበለት፤ እሱም እጁን ወደ ላይ አንስቶ መለሰላቸው። ሲወጣ ከተጠባባቂ ወንበሩ ኋላ ወደተቀመጡት ፕሬዚዳንት ሄዶ፣ በሞንትሪያል የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው አለ። በአራት ቀን ውስጥ ኮሎራዶ ነበር። በ1986 እና በ1993 ሁለት ዋንጫ ያመጣላቸው ሰው ነው ይሄ።

33 ቁጥሩ ሞንትሪያል ውስጥ በ2008 ተሰቀለ። 13 ዓመት ፈጀ። ኮሎራዶ በ2003 ቀድሞ ሰቅሎት ነበር። ዲትሮይት ደግሞ በደመወዝ ክርክርና በኋላም ክለቡን በመልቀቁ የተቀየመውን ሰርጌይ ፌዶሮቭን፣ ሦስት ዋንጫ ያነሳለትን፣ 91 ቁጥሩን ለመስቀል የወሰነው በ2025 ነው። ከሄደ 22 ዓመት ሆኖት።

ቂም መስፈርት መሆን የለበትም። ግን ቆይታ ያስፈልጋል፣ ለተጣላም ላልተጣላም። ማሪዮ ለሚውን አስታውሱ። ፒትስበርግ ቁጥሩን ሰቀለ፤ ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ታኅሣሥ 27 ቀን 2000 ተመለሰ። 66 ቁጥር ከጣሪያ በገመድ ወረደ። በ33 ሰከንድ ውስጥ ለያግር ጎል አቀበለ። ታሪኩ ጣፋጭ ነው፤ መቸኮል ያለውን ዋጋም ያሳያል።

ሙሉ ጡረታ ብቸኛው መንገድ አይደለም

ባነር ሰቅሎ ቁጥሩን ማስለበስ ይቻላል። ቶሮንቶ እስከ 2016 እንዲህ አድርጎ፣ በዚያ ዓመት ግን ሁሉንም ጡረታ አወጣቸው። ይህ መንገድ ተጫዋቹ ራሱ ሊቀየምበት ይችላል፤ የቶሮንቶው ዴቭ ኪዮን ከክለቡ ጋር ለአሠርት ዓመታት ተኳርፎ ነበር፣ ግማሽ ክብርም አይጥመውም ነበር። አንድን ቁጥር ለሁለት ሰው ማድረግም አለ። ኒው ዮርክ 9ን ለአንዲ ባትጌትና ለአዳም ግሬቭስ ሰጥቷል። ግሬቭስ የዝና አዳራሽ አልገባም፤ ለብቻው ቢሆን የሚያከራክር ሰው ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ቁጥሩ አንዴ ለባትጌት መዘጋቱ ስለማይቀር ተጨማሪ ዋጋ የለውም። ብልህ መፍትሔ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ቤይሊ ራሱ ያደረገውን ነው። በ1968 ሮን ኤሊስ የሚባል ወጣት አጨዋወቱ ደስ አለውና፣ 6 ቁጥሬን ይልበስ ብሎ ጠየቀ። ኤሊስ ለበሰው። በ1981 ሲያቆም ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ ዲሲ ስንመለስ

የዋሽንግተን ክለብ በቅርቡ መወሰን አለበት። 8 ቁጥር፣ ኦቬችኪን፦ ባቆመ ማግስት። ለዚህ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ደመወዙ ይቆረጥ።

19 ቁጥር፣ ኒክላስ ቤክስትረም፦ 1,105 ጨዋታ፣ ከ1,000 በላይ ነጥብ፣ ሁሉም በዚሁ ማሊያ። ለጎል በማቀበል የክለቡ አንደኛ ነው። "ኦቬችኪን ባይኖር ማን ያውቀው ነበር" የሚሉ አሉ። ገልብጡት። ከኦቬችኪን ጎሎች ስንቶቹ ላይ ፓኩን ያቀበለው እሱ ነው? ሙሉ ጡረታ።

70 ቁጥር፣ በረኛው ብሬደን ሆልትቢ፦ በ2018 ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ፣ ዋሽንግተን 3 ለ 2 እየመራ፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቀርቶት፣ የቬጋሱ አሌክስ ታክ ባዶ ጎል ፊት ለፊት ቆሞ መታ። ሆልትቢ ተዘርሮ ዱላውን ዘርግቶ አዳናት። ተከታታዩ በዚያች ቅጽበት ተገለበጠ፤ ክለቡ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ። ልቤ ይሰቀል ይላል። ግን እዚህ የቆየበት ጊዜ ከሁለቱ ጋር አይወዳደርም፣ አንዲት ኳስ ማዳን ደግሞ ከአንድ ቁጥር ጋር እኩል አይደለችም። ባነር ይሰቀልለት፤ 70 ይለበስ።

ላብሬስ? ጓደኛዬ ጨዋታው ሲያልቅ አሁንም አልለቀቀኝም። ክለቡ በ1974 ሲመሠረት ከ80 ጨዋታ 8 ብቻ ነበር ያሸነፈው፣ 67 ተሸንፎ 5 አቻ ወጣ፣ አልኩት። ላብሬ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር፤ በሜዳው የክለቡን የመጀመሪያ ጎል ያገባው እሱ ነው። በኋላ አምበል ሆነ። ማንም ሊያየው በማይፈልገው ቡድን ውስጥ በየማታው ፊቱን ለፓክ እየሰጠ ቆየ።

ዝም አለ። ስንወጣ ማሊያ መሸጫው ጋ ቆመና ልጅቷን፣ "7 ቁጥር ላብሬ አለ?" አላት።

"ማን?" አለችው።